የቺፕውዱ ግድግዳ ስምምነት

የወንበሬ እግር የተሰበረው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው፤ እኔ ላዩ ላይ እያለሁ። ሥራዬ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ መጻፍ ስለሆነ፣ ወንበር ለእኔ ለሾፌር ጎማ እንደማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት የሰው ልጅ ለምን በሕግ ሥር መተዳደር እንደመረጠ ነበር። ከተመረቅሁ ወዲህ የምጽፈው ግን የሰው ልጅ ውሃ ለምን እንደተቆረጠበት ነው፤ ያውም በሦስት ግልባጭ።

ወንበሬን ተሸክሜ ወደ አናጺዎቹ ግቢ ስደርስ አንዲት ወጣት ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጆሮዋን ወደ ውስጥ አዘንብላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተዘግቷል እንዴ?» አልኳት።

«ክፍት ነው። ግን ዝም ብሏል።»

«ማን?»

«ግድግዳው።»

በሥራዬ ብዙ ዓይነት ሰው ስለማገኝ አልደነገጥኩም። ወንበሩን ግን በመካከላችን አቆምኩት።

ነገሩን ስታስረዳኝ፣ መደንገጥ የነበረብኝ በሌላ ምክንያት መሆኑ ገባኝ። ልጅቷ ከሁለቱ አናጺዎች የአንደኛው የእህት ልጅ ናት። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ታጠናለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አጎቷን ሰፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ውሃልክ ብሎ ነው፤ ያ መዘንበልን የሚለካ መሣሪያቸውን ሳያስቀምጡበት ያመኑት ነገር ስለሌለ። ሁለተኛው ጋሽ ሙጫ ናቸው፤ ሚስማር የሰነፍ ሥራ ነው ባይ ናቸው። ድሮ ሁለቱ አንድ ወርክሾፕ ነበራቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአንድ ሐኪም ቤት በር ሠሩ፤ ክረምት ሲገባ በሩ አብጦ አልዘጋ አለ። አንዱ «ሙጫው ነው» አሉ፣ ሌላው «ሚስማሩ ነው» አሉ። ወርክሾፑን ለሁለት ከፍለው በመሃል የቺፕውድ ግድግዳ አቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። በሩም እስከ ዛሬ አይዘጋም ይባላል።

ችግሩ፣ ግድግዳው ሰውን ቢለይም መብራቱን አልለየም። ወደ ግቢው የሚገባው አንድ መስመር ነው። የአንዱ መጋዝ ማሽንና የሌላው መላጊያ ማሽን አብረው ከተነሱ ብሬከሩ ይወርድና ሁለቱም ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ማንም ሳያወጣው አንድ ልማድ ወጣ፦ ማሽን ማስነሳት የፈለገ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ወዲያኛው አንድ ጊዜ ሲመልስለት ያስነሳል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

«ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልመታም» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው።»

የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት «ከእንግዲህ በአንድ ውል እንጂ አላከራይም። ወይ ሁለታችሁ አንድ ወረቀት ላይ ፈርማችሁ እስከ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት አምጡልኝ፣ ወይ ለባለ መስታወቱ እሰጠዋለሁ» ብለው ልከዋል። ባለ መስታወቱ በጎን ያለው ተገጣጣሚ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ፊት ለፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፣ አሁን መጋዘን ቸግሮታል። እሱም ጊዜ አላጠፋም። ለሁለቱም በየበራቸው ሄዶ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጣቸው። ቀድሞ ፈርሞ የመጣ የገጣጣሚዎች አለቃ ይሆናል። ለሁለተኛው መልካም ዕድል ይመኝለታል።

«አጎቴ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው» አለች። «ከዚህ ከወጡ ማን...» አልጨረሰችውም። ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ሆኗል።

ተያይዘን ገባን። ጋሽ ውሃልክ አንድ ሳንቃ ላይ ውሃ ልካቸውን እያስቀመጡ ያነሱታል። ሳንቃው ከጠዋት ጀምሮ የተስተካከለ ነው። ወንበሬን አዩት፤ እኔን አላዩኝም።

«ማነው የሠራው?»

«ገዝቼው ነው» አልኩ።

«ከባለ መስታወቱ?»

የተሰበረውን እግር ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

«እንግዲያው ተቀመጥበት» አሉኝ።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ፣ «ይሄ ወንድማችን አቤቱታ ጸሐፊ ነው። ስምምነትም ይጽፋል።»

«ይጻፋ። ከማን ጋር ነው የምስማማው?»

«ከማን እንደሆነማ ያውቃሉ።»

«ያ ሰውዬ ፈርሟል፣ ልጄ። ትናንት አዲስ ቁልፍ ገዝቶ በሩ ላይ አንጠለጠለ። ደጅ የነበረ ሳንቃውን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባ። ዛሬ ደግሞ ግድግዳውን አልመታም። የሚሠራ ሰው ሳይመታ ይውላል? የሚሄድ ሰው ነው እንጂ።»

«እርስዎስ ዛሬ መቱ?»

«እሱ ሳይመታ እኔ ምን አግብቶኝ?»

ልጅቷ ደብተሮቿን ሳንቃው ላይ አስቀመጠች። አጎቷ አንስተው ሌላ ቦታ አኖሯቸው።

«እኛ ክፍል የመጀመሪያው ጥያቄ፣ መንግሥታት ለምን ይተባበራሉ የሚል ነው...»

«ድር ቢያብር ልትዪኝ ከሆነ ተዪው። ዕድሜ ልኬን የሸረሪት ድር ስጠርግ ኖሬያለሁ። አንበሳ የታሰረበት አላጋጠመኝም።»

«አልልም። መልሱ ፍቅር አይደለም ልል ነው። ስለተዋደደ ብቻ የተባበረ መንግሥት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የሚያስተሳስራቸው ፍርሃት ነው። ከመንግሥታት በላይ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። አንዱ ሌላውን ቢውጠው ይሄ ወንድማችን በሦስት ግልባጭ የሚጽፍለት ቢሮ አያገኝም።»

«ቢሮው ቢኖርም አይመልስም» አልኩ፣ ከልምድ።

«ስለዚህ ትንሹ ብቻውን ትልቅ እስኪሆን ጊዜ ከሌለው፣ የሌላ ትንሽ አቅም ይበደራል። ሚዛኑን በሰው ክንድ ያስተካክላል። ሚዛን ደግሞ ለእርስዎ አይነገርም።»

ጋሽ ውሃልክ መሣሪያቸውን አዩት። ተቀያሚ ሰው በገዛ ዕቃው ሲመክሩት አይወድም። ቢሆንም ነገር ይገባቸዋልና ሌላ መንገድ ያዙ።

«ትልቅ ማስፈራት ከሆነ፣ ከከተማው ዳር ያለው ፋብሪካ የባለ መስታወቱን አሥር ያህል ነው። እሱን ፈርቼ አላውቅም። ለምን?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ሩቅ ነው። ደግሞም በሮችና መስኮቶች ነው የሚሠራው፤ ግቢዬን ምን ያደርግለታል?»

«አየህ?» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ እንዳቀረበች ሁሉ። «ይሄንን መምህራችን ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። የሚያስፈራው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ትልቅ ሆኖ ቅርብ የሆነ፣ የመውሰጃ መንገድ ያለው፣ መውሰድም የፈለገ ነው። ባለ መስታወቱ ትናንት ግቢውን በሜትር ሲለካ እኔም አይቼዋለሁ።»

ይህን ስትል ደብተሮቿን አንስታ መልሳ ደረቷ ላይ አቀፈች። ፍርሃት መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ አንድ ቃል ነው፤ ይሰመርበትና ይታለፋል። ግቢውን በሜትር የሚለካ ሰው ሲሆን ግን ማስመሪያ አይበቃውም።

ሽማግሌው ከመላጊያው ሥር አንድ ወረቀት ሳቡ። ማኅተሙ ሰማያዊ ነው፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«እሺ፣ ብርቱውን ብጠጋስ? እሱም መላ አይደል?»

«መላ ነው» አለች። ወደድኳት፤ አልዋሸችም። «ረዳት ያጡ ትንንሾች ያደርጉታል። ግን ባለ መስታወቱ ዛሬ ቃል የገባልዎ ስለሚፈልግዎ ነው። ግቢው እጁ ከገባ በኋላ ምንዎን ይፈልገዋል? ቃሉን ቢያጥፍ ማን ይይዝልዎታል? እርስዎ ብቻዎን? አብረዎት ሊይዙት ይችሉ የነበሩት ጎረቤትዎ ያኔ መንገድ ላይ ወድቀዋል።»

«አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው።

«ደግሞስ ሥራው ምንድነው? ብሎን ማጥበቅ እኮ ነው። ወንበሩ ከነ እግሩ ካርቶን ውስጥ ይመጣል።»

ሦስታችንም ወንበሬን አየነው። መልስ መስጠት አላስፈለገውም።

በዚህ መሃል ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ተሰማ። ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ። ከዚያ የእግር ኮቴ ወደ በሩ ሄደ። ቆመ። አናጺው መሣሪያቸውን እንደ መሐላ ደረታቸው ላይ ለጥፈውታል። ኮቴው ተመለሰ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ።

«ወረቀቱን ለባለ መስታወቱ ሊወስድለት ነው» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «ቀድሞኛል። መፈረም ነበረብኝ።»

እጃቸው እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረደ። ልጅቷ ወረቀቱ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ቁልፍ የገዙት ሌባ ፈርተው ቢሆንስ? ሳንቃውን ያስገቡት እርስዎና ባለ መስታወቱ ተባብራችሁ ታስወጡኛላችሁ ብለው ቢሆንስ? እያንዳንዱ ራሱን ሲጠብቅ፣ ለማዶኛው ሊያጠቃው የተዘጋጀ ይመስለዋል። ሁለት አገሮች በዚህ ብቻ ይጠፋሉ፤ ሁለቱም ክፉ ሳይሆኑ።»

«ብስማማስ? ነገ ጥሎኝ ቢሄድ?»

«ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። ሁሉም አጋር ይፈራዋል።»

«ጥሎኝ ባይሄድስ? ሰውዬው ጠበኛ ነው። በየሳምንቱ ከደንበኛ ጋር ይነታረካል። አጋሩ ነህ ተብዬ የሱን ጠብ ሁሉ ልጣላለት ነው?»

«ይሄም ይፈራል። አንዱ መከዳት ነው፣ ሌላው መጎተት። ለዚህ ነው የሚጻፈው። ምን ድረስ አብረን እንደሆንን፣ ከየት ወዲያ እንዳልሆንን። ሁሉን ነገር የሚያካትት ስምምነት ሳምንት አይቆይም። አንድ ጠላትና አንድ ግቢ ብቻ ይበቃዋል። ያስቡት እንጂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ውል አለዎት እኮ። ሁለት ሲመታ አንድ ይመለሳል። ከሁለታችሁ አንዱ አንድ ቀን አጭበርብሯል?»

ሽማግሌው አሰቡ። እኔ እንኳ መልሱን በጉጉት ጠበቅሁ።

«አንድ ቀን» አሉ። «እሱን ያመመው ቀን። መልሶ መምታት አቅቶት ነበር መሰለኝ፣ ዝም ሲል እኔም ሳላስነሳ ዋልኩ።»

«ይሄ ማጭበርበር አይባልም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰው ሲከራከር ቆይቶ የሚሸነፈው በሌላው ክርክር አይመስለኝም። አንድ ቀን ራሱ ያደረገውን ደግ ነገር ሲያስታውሱት ያፍራል፣ በእፍረት ይረታል። ጋሽ ውሃልክ ተነሡ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያሉ መዶሻ አነሡ፤ በእጀታው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መቱ።

ዝም።

ጠበቅን። አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ። ዝም።

«ይኸው» አሉ። ወንበሬ ላይ ሊቀመጡ ብለው እግሩ መሰበሩ ትዝ አላቸው።

«መምታት በነፃ ነው፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ። «አታላይም ይመታል። ሰው የሚያምነው የሚጎዳን ነገር ስናደርግ ሲያይ ነው። ግን ምን እንደሚደረግ እኔም...»

መጽሐፉ እዚህ ላይ አልቆባት ነበር። የቀረውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያንን ሰማያዊ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አነሡ፤ ሌላ ግልባጭ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። በግድግዳው ሥር ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ተንበረከኩ።

«አጎቴ፣ ይቆዩ። እሳቸው ፈርመው ከሆነ ሁለቱንም በር ነው የሚያጡት» አለች ክንዳቸውን ይዛ። አሁን ፈሪዋ እሷ ሆናለች።

«ካልፈረመስ?» አሉና ወረቀቱን ገፉት። ማዶ ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ የጠበቅነውን ያህል አቤቱታዬን ይዤ ማዘጋጃ ቤት እንኳ ጠብቄ አላውቅም። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሲል፣ በክፍተቱ ሥር አንድ ወረቀት ወደ እኛ መጣ። ያው ማኅተም፣ ያው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ»። ፊርማው ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። የተፈረመው ዛሬ ጠዋት ነው።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ውሃ ልኩን ፊርማው ላይ አስቀመጡበት።

«ወደ ታች ያዘነብላል» አሉ። «ሲፈራ ነው እንዲህ የሚጽፈው። የዚያን በር ልክ የጻፈ ዕለትም መስመሩ እንዲህ ነበር፤ ሐኪሙ አጠገባችን ቆሞ ያጣድፈን ነበር።» ውሃ ልኩን አነሡ። «ፈርሞ ሳይወስደው ዋለ። ጠዋት ፈርሞ።»

«አሁን ይሄን ለባለ መስታወቱ ቢወስዱት እሳቸው አለቀላቸው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የእርስዎ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።»

ግድግዳው አንድ ጊዜ ተመታ።

ጋሽ ሙጫ ዞረው በበሩ ገቡ። ቅንድባቸው ላይ የመጋዝ ብናኝ ያረፈባቸው፣ አጭር ሰው ናቸው። ወደ እኔ ብቻ አዩ።

«ለዚህ ሰውዬ ንገረው» አሉኝ። «ትናንት ባለ መስታወቱ ከሱ በር እየሳቀ ሲወጣ አይቼ ነው ቁልፍ የገዛሁት።»

«ንገረው» አሉ ጋሽ ውሃልክ በበኩላቸው፣ «ያ ሰው እየሰደቡትም ይስቃል። በመስታወቱ ለሚያዩት መንገደኞች ሁሉ እየሳቀ ለምዶበት ነው።»

ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ተቀምጬ የምጽፍበት ስለሌለ ቆሜ ሳንቃው ላይ ጻፍኩ። አንዱ ሳይፈርም ሌላው ከግቢው አይለቅም። ባለ መስታወቱ ለአንዱ ወረቀት ቢሰጥ በዚያው ቀን ለሌላው ያሳያል። አንዱ ከደንበኛው ጋር ቢጣላ ሌላው አይገባበትም። እስከዚህ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ጋሽ ሙጫ «ስለ በሩ አይነሣም ብለህ ጻፍ» አሉ። «ይነሣል፣ ግን ሥራ ሰዓት ላይ አይደለም በል» አሉ ጋሽ ውሃልክ። አሥር ተኩል አለፈ። ልጅቷ ጥፍሯን እየበላች ነው። በመጨረሻ «ስለ በሩ የሚነሣው በሩ ሲዘጋ ነው» የሚል አገኘሁ፤ ሁለቱም ፈረሙ። የዲፕሎማሲ ሥራ ያለ ደመወዝ እንዲህ ተጀመረልኝ።

እየሮጥን አዋላጇ ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ታረቃችሁ?» አሉ።

«አልታረቅንም» አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ በአንድ ላይ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ለእኔ ፊርማው ይበቃኛል» ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ይህ ከሆነ አራት ወር ሆኖታል። ግድግዳው አልፈረሰም፤ ልጅቷ ይፍረስ ብትል ሁለቱም ተቆጡ። ሆኖም ለየብቻቸው የማይደፍሩትን የትምህርት ቤት ዴስክ ትዕዛዝ አብረው ተቀብለው ሠሩ፤ ሚስማሩም ሙጫውም ገባበት። ሁለተኛ የመብራት መስመር ለማስገባት አመልክተዋል፤ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ተስፋ አልሰጣቸውም። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ጋሽ ውሃልክ ባለ መስታወቱ በበሩ ሲያልፍ ፈርተው ያንኑ የተስተካከለ ሳንቃ ደጋግመው መለካት ትተዋል። አንድ ሰው ከፍርሃቱ ግማሹን ለጎረቤቱ ሲያካፍል፣ ጎረቤቱም የራሱን ሲያካፍለው፣ የሁለቱ ፍርሃት መጨመር ሲገባው ይቀንሳል። ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ ልጅቷን ብጠይቃት፣ መመረቂያ ጽሑፏ ላይ ልትጽፈው እንደሆነ ነገረችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ለጥገና የተውኩትን ወንበሬን ልወስድ ስሄድ አጎትና የእህት ልጅ ሲከራከሩ ደረስኩ። ባለ መስታወቱ በዚያኛው በኩል ካለው ብየዳ ቤት ደጅ ቆሞ ታይቷል። ሜትር ይዟል።

«የብየዳውን ሰውዬ አናውቀውም እኮ» ትላለች ልጅቷ። «ሦስተኛ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ማን ለማን ቀድሞ ይደርሳል? ደግሞ ክፉ ሰው ነው ይባላል።»

«ማን ፍቅር ጠየቀው?» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? እሱን ንገሪኝ።»

መልሷን አልጠበቁም። መዶሻቸውን ይዘው ከብየዳ ቤቱ ወደሚለያቸው የጡብ ግንብ ሄዱና ሁለት ጊዜ መቱ። ከቺፕውዱ ማዶ ጋሽ ሙጫ ማሽናቸውን አጠፉ። የብየዳው ሰውዬ ልማዱን የሚያውቅበት ምክንያት የለም። ቢሆንም ሁላችንም፣ ጡቡ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ አንዲት ምት መጠበቅ ጀመርን።